ካባው ምን ማለት ነው?

ሰው በሕዝብ ፊት ካባ ተደርቦለት፣ ተጨብጭቦለት፣ አበባ ታቅፎ ቤቱ ከገባ በኋላ "ለመሆኑ አሁን ተሸለምኩ ወይስ ተሰናበትኩ?" ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት አገር ቢኖር የእኛው ታሽከንት ነው። እኛ ዘንድ ካባ ለሁሉም ነው። ለሙሽራ ካባ፣ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ካባ፣ በትግል ላሸነፈ ጎረምሳ ካባ፣ ጡረታ ለሚወጣም ያው ካባ። ካባው አፍ የለውም። የሚደርበውም ሰው ነገሩን በግልጽ መናገር ነውር ይመስለዋል። የቀረውን እንግዲህ ባለካባው ይወቀው ነው።

ሚርሶዲቅ አላወቀውም። ስድሳ ዓመት የሞላው ሶቪየት ፈርሶ ነፃነት ከመጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በዚያ መስከረም ነው። የአንድ ኦፔራ ቤት ዋና የኦርኬስትራ መሪ ነበር። በልደቱ ሳምንት ትርኢቱ አልቆ ጭብጨባው ሳይበርድ፣ ዳይሬክተሩ ኩድራት መድረክ ላይ ወጣ። ሰማያዊ ከፋይ ላይ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት፣ መታጠቂያውን አሰረለት፣ ቆቡን ደፋለት።

"ሚርሶዲቅ አካ፣ ዕድሜዎን ሙሉ እኛን ሲሸከሙ ኖሩ" አለ ኩድራት፤ አካ የምንለው ታላቃችንን ነው። "ይህ ቤት የእርስዎ ነው። ከእንግዲህ በፈለጉ ጊዜ ይምጡ፣ በፈለጉ ጊዜ ይሂዱ። በሩ ምንጊዜም ክፍት ነው።"

ሚርሶዲቅ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። በፈለጉ ጊዜ ይምጡ ማለት እኮ ትልቅ ነገር ነው፣ የፊርማ ሰዓት የለብዎትም ማለት ነው ብሎ ተረጎመው። ሃርፕ የምትመታዋ ሴትዮ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ አይቶ ደግሞ፣ ምን ያህል ቢወዱኝ ነው ብሎ እሱም አብሮ አለቀሰ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያንን ንግግር እንደ ስንብት ያልሰማ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዱ ኖታውን በብብቱ ሸጉጦ በትራም መጣ። ዘበኛው ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና "እንኳን ደህና መጡ፣ እንግዳችን" አለው። እንግዳችን? በዚያ በር ስንት ዓመት ሲገባ ዘበኛው ብሎት የሚያውቀው "ቁልፉ ይኸው" ብቻ ነበር። ካባው ነው፣ ሰው ሲከበር አጠራሩም ይለወጣል ብሎ አለፈ።

ልምምድ ክፍል ሲደርስ ዶኒዮር በመሪው ቦታ ላይ ቆሟል። ዶኒዮር የእጁ ሥራ ነው። ከሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ አንስቶ ያስተማረው፣ ክራቫት ማሰር ሳይቀር ያሳየው፣ ሲያገባም ሽማግሌ ሆኖ የቆመለት ልጅ። አሁን ጢም ያወጣ ሰው ሆኗል እንጂ ለእሱ ልጅ ነው። ዶኒዮር ኡስቶዙን ሲያይ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከመቆሚያው ወረደ፣ ጎንበስ ብሎ የመምሪያውን ዘንግ በሁለት እጁ አቀረበለት።

"ኡስቶዝ፣ ይምጡ፣ ይምጡ። እኔ እንዲሁ ልጆቹን ሳሟሙቃቸው ነው።"

ኡስቶዝ የምንለው ሙያ ያስያዘንን ሰው ነው፤ ኡስቶዝ ቆሞ ተማሪ ከፍ ብሎ አይታይም። ሚርሶዲቅ ዘንጉን ተቀበለ፣ ወጣ፣ መራ። ማክሰኞም መጣ፣ መራ። ረቡዕ ዶኒዮር መቆሚያው አጠገብ እንኳ አልነበረም፤ ከሁለተኛ ቫዮሊኖች ኋላ ተቀምጦ ኖታ ያገላብጣል። ሙዚቀኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ አጎነበሱ፣ ተጫወቱ። ዋናው መሪ ዶኒዮር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን እስቲ ማን ደፍሮ ይንገረው? ይሉኝታ ስንቱን ቤት አፍርሷል፤ ይሄኛውን ግን አቁሞ ነው ያሰቃየው።

ሚርሶዲቅ ቢሆን ደነዝ ሰው አይደለም። አንድ ነገር እየሸተተው ነበር። ክፍሉ ውስጥ በእሱ መስቀያ ላይ የሌላ ሰው ካፖርት ተሰቅሎ ያያል። ሚስቱን ሙነቫርን አንድ ቀን ማታ እራት ላይ፣ ዳቦ እየቆረሰ ጠየቃት።

"የሳዮራ እናት፣ ያ ካባ ለልደቴ ነው አይደል የተሰጠኝ?"

"ታዲያ ለሌላ ለምን ይሆናል?" አለች፣ ቀና ሳትል።

"እንጃ። ሰዎቹ ትንሽ ተለውጠውብኛል። በጣም ያከብሩኛል።"

"አከበሩኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ዛሬ አየሁ። ይብሉ ይልቅ፣ ይቀዘቅዛል።"

ሙነቫር ታውቅ እንደሆነ አላውቅም አልልም፤ ታውቃለች። ከሃርፕ መቺዋ ጋር በአንድ ገበያ ነው ካሮት የሚገዙት።

እሱን ለማወቅ ግን ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ሚርሶዲቅ የተወለደው አሮጌው ከተማ፣ የጭቃ ግንብ ያላቸው ቤቶች ትከሻ ለትከሻ የተደገፉበት ሰፈር ነው። አባቱ መለከተኛ ነበር። ከሰው ቁመት የሚረዝመውን የነሐስ መለከት ተሸክሞ ሠርግ ለሠርግ፣ ግዝረት ለግዝረት የሚዞር፣ ጉንጩ ሲነፋ የሰፈሩን ሕፃናት የሚያስቅ ሰው። ልጁም የአባቱን ሙያ ይይዛል ተብሎ ነበር። ጦርነቱ መጣና ከሌኒንግራድ ከረሃብ ያመለጠች ራይሳ የምትባል ቫዮሊን አስተማሪ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ተሰጣት። ሙሉ ቤተሰቧን አጥታ የመጣች ሴት ናት። ሚርሶዲቅ አፉን የፈታው በእሷ ቫዮሊን ሥር ነው ማለት ይቻላል። ጦርነቱ አልቆም ወደየት ልሂድ ብላ እዚያው ቀረች። በስድስት ዓመቱ የሻይ ትሪ ገልብጦ በማንኪያ ምት ሲጠብቅላት፣ "ይህ ልጅ ሌላውን ሰው ይሰማል፤ የሚነፋ ሰው ራሱን ብቻ ነው የሚሰማው" አለች ለአባቱ። አባቱ ስድብ መሰለው። ለሁለት ሳምንት አኩርፎ ከርሟል።

ኮንሰርቫቶሪ ገባ። ወታደር ቤት ሄዶ የማርሽ ባንድ መራ። ሌኒንግራድ ሄዶ ተማረ፤ እዚያ የበረደው ብርድ እስከ ዛሬ ከጉልበቱ አልወጣለትም። የተመለሰው ከተማውን ያራደው የመሬት መንቀጥቀጥ በመጣበት ዓመት ነው። እሱና ሙነቫር የተጋቡት በድንኳን ውስጥ ነው፤ ሙሽራይቱ መሬቱ በተነቃነቀ ቁጥር የተጋረደችበትን የሙሽራ መጋረጃ ይዛ ትወጣ ነበር ይላል። ሲያወራው ደስ ይለዋል፣ እሷ ደስ አይላትም።

መጀመሪያ ኦርኬስትራ የመራ ዕለት አባቱን በፊተኛው ረድፍ አስቀመጠው። ትርኢቱ ሲያልቅ አባትየው በረንዳ ላይ ቆሞ ጠበቀው፣ ፊቱን አጥቁሮ።

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሰው ጠርተህ ጀርባህን ትሰጠዋለህ? እኛ እንዲህ ነው ያሳደግንህ?"

"አባዬ፣ ሙዚቀኞቹን ካላየኋቸው እንዴት እመራቸዋለሁ?"

"ሙዚቀኞቹ የቤት ሰው ናቸው። እንግዳው ነው የሚከበረው።"

ሚርሶዲቅ ቢያስረዳው፣ ቢያስረዳው አልገባውም። ይሁን እንጂ ሰውየው ቀርቶ አያውቅም። እስኪሞት ድረስ በየትርኢቱ እየመጣ ጎን ያለው ሰገነት ላይ፣ የልጁ ፊት በከፊል ከሚታይበት ቦታ ይቀመጥ ነበር። "ከዚህ ስሆን ነውሩ ግማሽ ነው" ይላል ለጎረቤቱ።

ኦፔራ ቤቱ ውስጥ ግን ዘንግ በአንድ ቀን አይሰጥም። መጀመሪያ የመዘምራኑ መሪ ረዳት ነበር። በየመኸሩ ጥጥ ለቃሚዎቹን ለማዝናናት ግማሽ ኦርኬስትራ በካሚዮን ተጭኖ ገጠር ሲወርድ፣ ትልልቆቹ መሪዎች ወገባቸውን ስለሚያማቸው የሚላከው እሱ ነው። ካሚዮን ላይ ቆሞ ሲመራ ነፋስ ኖታውን ጥጡ መሃል በትኖት ያውቃል፤ ለቃሚዎቹ ሴቶች ገጹን በየጆንያቸው እየሰበሰቡ ሲያመጡለት ሙዚቃው ሳይቋረጥ አለቀ። እንግዲህ ሰው የሚያድገው እንዲህ ነው። ትላልቆቹ አንድ በአንድ ሞቱ ወይም ሞስኮ ገቡ፣ እሱ ቀረ፣ ዋና ሆነ። ሲመራ ያንጎራጉራል፤ ያ ልማድ ፈጽሞ አልለቀቀውም። ቫዮሊኖቹ ማንጎራጎሩ ወፍራም ከሆነ ተቆጥቷል፣ ቀጭን ከሆነ ደስ ብሎታል ብለው ያውቁታል።

አሁን ለምን ልቡ እንደተንጠለጠለ ልንገራችሁ። ሻሪፍ የሚባል ጓደኛ ነበረው፣ የሙዚቃ ደራሲ። ስለ ማርጊላን ከተማ ሐር ሸማኔዎች አንድ ኦፔራ ጻፈ። ዘመኑ አልፈቀደለትም፤ አንዴ ሸማኔዎቹ በጣም ይጸልያሉ ተባለ፣ አንዴ በጀት የለም ተባለ። ሻሪፍ አንዲት ቀን እንኳ በኦርኬስትራ ሳይሰማው በጉበት ሞተ። አልጋው ላይ ሳለ የሚርሶዲቅን እጅ ይዞ፣ "አንተ ነህ የምትመራው፣ ሌላ ሰው አይነካብኝም" አለው። ሚርሶዲቅ ቃል ገባለት። ከብዙ ልመና በኋላ ኦፔራው ተፈቀደ፣ መጋረጃው የሚከፈተውም ካባው በተደረበለት በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ስለዚህ የካባው ነገር ቀልድ አልነበረም። በዚያ ምሽት ኦርኬስትራው ፊት የሚቆመው ማነው? ሰውየው ሌላ ሁሉ ቢቀርበት ይቀርበታል፣ ይህ ግን የሙት አደራ ነው።

ጥቅምት ላይ ማስታወቂያው ተለጠፈ። ሚርሶዲቅ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ዘፋኞቹ አሉ። ሠዓሊው አለ። ዳንስ አሠልጣኟ አለች። ሌላው ቀርቶ የፀጉር ሠሪዋ ስም አለ። የኦርኬስትራው መሪ ስም የለም። ቀጥ ብሎ ኩድራት ቢሮ ገባ።

"ኩድራት፣ ማስታወቂያው ላይ መሪ የለም።"

ኩድራት ከወንበሩ ተነስቶ ሻይ ያዘዘለትና ወንበር ያቀረበለት በአንድ ጊዜ ነው። "የለም እንዴ? እነዚህ አታሚዎች ምን እንደማደርጋቸው አላውቅም፣ አካ። ቤተሰቡ እንዴት ነው? ሳዮራ እንዴት ናት?"

"ሳዮራ ደህና ናት። ይስተካከላላ?"

"ቦታ ከተገኘ ይስተካከላል" አለ ኩድራት፣ መስኮቱን እያየ።

ቦታ ከተገኘ ማለት ምን ማለት ነው? ወረቀቱ ላይ ወይስ መቆሚያው ላይ? ሚርሶዲቅ ደረጃውን ሲወርድ ይህንን ሲያገላብጥ እግሩ ሊስትበት ነበር። ተመልሶ "አባረርከኝ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ግን እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? አልተባረሩም ቢለው ኩድራትን በከንቱ ጠረጠረው ማለት ነው። ተባረዋል ቢለው ደግሞ ካባ የደረበለትን ሰው አፉን ከፍቶ እንዲህ እንዲናገር አስገደደው ማለት ነው። በሁለቱም በኩል ነውሩ የእሱ ነው።

ቡፌ ገብቶ ተቀመጠ። ክላቫ የምትባለው ሩሲያዊት ሻይ ስትቀዳለት ስኒውን እስከ አፉ ሞላችው። እኛ ዘንድ ለሚከበር እንግዳ ከስኒው ሥር ጉንጭ ታህል ይቀዳለታል፣ ደጋግሞ እንዲጠይቅ፣ እንዲቆይ። ጢም ብሎ የተሞላ ስኒ ጠጥተህ ሂድ ማለት ነው። ክላቫም አወቀች ማለት ነው?

"ክላቫ፣ ሞልተሽ ቀዳሽልኝ።"

"ሻይ ነው፤ መድኃኒት ነው እንዴ በማንኪያ የምሰፍረው?" አለች ክላቫ። "ሃያ ዓመት ሙሉ ሞልቼ ነው የምቀዳልህ፤ ዛሬ ነው የታየህ?"

እውነቷን ነው። ሰው አንዴ ከተጠራጠረ ውሃም ነገር ይሆንበታል።

ሰፈር ደግሞ የባሰ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌ ቱርጉን ቦቦ፣ ቦቦ አያት እንደማለት ነው፣ መስጊድ በር ላይ ያዙትና፣ "ሚርሶዲቅ፣ እንግዲህ የሠርግ ኮሚቴውን አንተ ያዝልን። አሁንማ ጊዜ አለህ" አሉት።

"የምን ጊዜ ነው ቦቦ? ኅዳር ላይ ትልቅ ሥራ አለብኝ እኮ።"

ሽማግሌው ጺማቸውን አሻሹ፣ አሳላቸው። "አይ፣ ማለቴ... ጊዜ የማይኖረው ሰው የለም። ሁላችን ጊዜ አለን፣ አላህ እስከሰጠን ድረስ" አሉና ጫማቸውን ፍለጋ ገቡ። ጫማቸው እግራቸው ላይ ነበር።

ሚርሶዲቅ ለራሱ እንዲህ አለ። ጠዋት ጠዋት ዘንጉን የሚሰጡኝ እኔን ነው። ሙዚቀኞቹ የሚታዘዙት እኔን ነው። ዘንግ የያዘ ሰው እንዴት ተባረረ ይባላል? ሌላው ሁሉ የሰው ወሬ ነው። በዚህ ተጽናንቶ የሻሪፍን ኦፔራ በየጠዋቱ ያሠራል። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይይዘዋል፤ በሁለተኛው ክፍል ሸማኔዎቹ በእንጨት መሸመኛቸው ላይ ሆነው የሚዘፍኑት ዝማሬ። ሚርሶዲቅ ቀስ ብሎ፣ በሐዘን ነው የሚወስደው፤ ጓደኛው የሞተበት ሰው እንዴት አድርጎ ሌላ ይወስደዋል? ዝማሬው ግን እርጥብ ልብስ ሆኖበት አልነሳ አለው። ሙዚቀኞቹም ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል፣ ያዛጋሉ። ይህ ትውልድ ቶሎ ይደክመዋል ብሎ ያዝንላቸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ልምምዱን ጨርሶ፣ ከቴአትር ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ ሩዙን በላ፣ ሻዩን ጠጣ። ጋዜጣ ሊያነብ ሲል መነጽሩ የለም። ኖታው ላይ ረስቶት መሆን አለበት ብሎ ተመለሰ። ዘበኛው እንዳየው ብድግ ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

"አካ፣ እኔ ላምጣልዎት፣ እርስዎ አይድከሙ።"

"ምን ድካም አለው?" ብሎ አልፎት ገባ።

ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ሰማው። የሻሪፍ ሙዚቃ ነው። ማን ነው በዚህ ሰዓት? በአዳራሹ የኋላ በር ገብቶ ጨለማው ውስጥ ቆመ። ኦርኬስትራው ሙሉ በሙሉ ተሰይሟል፣ መዘምራኑም መድረክ ላይ ናቸው፣ ዶኒዮር እጅጌውን ሰብስቦ ይመራል። ያኔ ሁሉም ነገር ገባው። ጠዋት ለእሱ ይጫወታሉ፣ ከሰዓት ደግሞ ለእውነተኛው መሪያቸው እንደገና ይጫወታሉ። የኅዳሩን ሥራ የሚሠሩት ከሰዓት ነው። ጠዋቱ ለእሱ ክብር ሲሉ የሚከፍሉት ነው። ዓይናቸው ቢጠቁር ምን ይገርማል?

ሊጮህ አስቦ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሊሳደብም አስቦ ነበር። ግን የሸማኔዎቹ ዝማሬ ደርሶ ነበርና ባለበት ቆሞ ሰማ። ዶኒዮር ሐዘን አላደረገውም። የመሸመኛው እንጨት ሲመታ እንደሚሄደው፣ ወዲያና ወዲህ፣ በቀላሉ ነው የወሰደው። ሴቶቹ ሲዘፍኑ ፈገግ ይላሉ፣ አንዷ ትከሻዋን ትነቀንቃለች፤ ቼሎዎቹ ከታች ይዘው አነሱት፣ ዝማሬው ተነሳ። ሳምንታት ሙሉ አልነሳ ያለው ነገር በፊቱ ተነሳ። ሸማኔ ሲሠራ አያለቅስም ለካ፣ ሲሠራ ይዘፍናል እንጂ። ሻሪፍ ራሱ አልጋው ላይ ሆኖ በጣቱ ብርድ ልብሱን እንዲህ እየመታ ነበር ያሰማው። ሚርሶዲቅ የጓደኛውን ሞት እንጂ የጓደኛውን ሙዚቃ እንዳልመራ ገባው።

ዕንባው መጣ። ግን የምን ዕንባ? ተዋረድኩ ብሎ ነው ወይስ ደስ ብሎት? ሙዚቃውን ስላገኘው ነው ወይስ ስላጣው? ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህንን ቢጠይቁት አያውቀውም። መነጽሩን ሳይወስድ፣ ግድግዳ እየዳበሰ ወጣ። ዘበኛው ወለሉን እያየ "ደህና ይሁኑ" አለው።

እቤት ሲደርስ አንድ ነገር ወስኗል ማለት አይቻልም፤ አንድ ነገር አስቧል ነው የሚባለው። አውቄያለሁ ብሎ ቢነግራቸው ያን ሁሉ ሰው አሳፈረ ማለት ነው። ኩድራት አንገቱን ይደፋል፣ ዶኒዮር ከተማ ለቆ ይጠፋል፣ ሃርፕ መቺዋ ታለቅሳለች። ዝም ብሎ መሄዱን ቢቀጥል ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሚሰርቃቸው እሱ ነው።

"የሳዮራ እናት፣ ትከሻዬን ወግቶኛል" አለ። "ክንዴ አይነሳም። ነገ ልምምድ አልሄድም፤ ደውለሽ ንገሪልኝ።"

ሙነቫር ላት አቀለጠች፣ በጨርቅ አድርጋ ሕመም የሌለበት ትከሻው ላይ ጠቀለለችለት። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ የበግ በግ ሸተተ።

እሑድ ጠዋት የበሽተኛ ጠያቂዎቹ መጡ። ኩድራት፣ ዶኒዮር፣ ሃርፕ መቺዋ፣ ከነፊዎቹም አራት አምስት ሰዎች። ትኩስ ዳቦ፣ ሮማን፣ ሐብሐብ ይዘዋል። ሚርሶዲቅ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ተቀበላቸው። ሻዩ ከሥር ከሥሩ እየተቀዳ ዞረ። የትከሻ መድኃኒት ዓይነት በሙሉ ተወራ፤ ኩድራት የንብ መርዝ ይሻላል አለ፣ ጥሩንባ ነፊው የፈረስ ቅባት አለ።

በኋላ ዶኒዮር ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ "ኡስቶዝ" አለ። "ኅዳር ላይ እርስዎ ካልመሩ ምን ይሆናል? ክንድዎ እስኪድን እንጠብቃለን። ይምጡልን።"

ሚርሶዲቅ ሙቀት ደረቱ ላይ ሲሠራጭ ተሰማው። ያየውን አይቷል፣ የሰማውን ሰምቷል፤ ቢሆንም ልጁ ከልቡ ከሆነስ? የከሰዓቱ ልምምድ እሱ እንዳይደክም ተብሎ የሚደረግ ዝግጅት ከሆነስ? የሙት አደራ መሆኑን ዶኒዮርም ያውቃል። ደግሞም ግብዣ በአንድ ቃል አይያዝም። አንደኛው ግብዣ ለወግ ነው፣ ሁለተኛው ለይሉኝታ ነው፣ በሦስተኛው ግን ሰው ከልቡ ጠርቶሃልና እምቢ ማለት ነውር ነው። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል።

"የለም ልጄ" አለ፣ እንደ ደንቡ። "ይኼ ክንድ የሚድን አይመስለኝም። አንተው ያዘው።"

"እንዴት ይሆናል ኡስቶዝ? ያለ እርስዎ እኮ አይሆንም። ይምጡልን" አለ ዶኒዮር ሁለተኛ።

"ይቅርብኝ። ዕድሜም ነው፣ ሕመምም ነው።"

አሁን ሦስተኛው ነው። ሚርሶዲቅ ስኒውን ያዘና ጠበቀ። በልቡ መልሱን አዘጋጅቷል፤ እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ፣ እሺ፣ ይላል። ዝማሬውንም ዶኒዮር እንዳደረገው ያደርገዋል፣ ተምሮታል፣ ነውር የለውም። ኩድራት ምንጣፉን ያያል። ሃርፕ መቺዋ የሮማን ፍሬ በጣቷ ትፈለፍላለች፣ አትበላውም። ዶኒዮር ቀና አለ። ከንፈሩ ተላቀቀ። እጁን ዘረጋና ዳቦ ቆረሰ።

ዳቦውን ሲያኝክ ይሰማ ነበር። ሚርሶዲቅ ትንሽ ቆየ፣ እንደገናም ትንሽ ቆየ። ጎርሶ ነው፣ ሲውጥ ይናገራል ብሎ ቆየ። ዶኒዮር ዋጠ። ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል፣ አፉ ግን ተዘግቷል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምን እንዳልተባለ ያውቃል። ልጁ እዚያ ጸጥታ ውስጥ እየሰመጠ መሆኑን ሲያይ ሚርሶዲቅ አላስቻለውም፤ ተማሪው ነው፣ እንዴት ያስችለዋል።

"በሉ ተነሱ እንግዲህ" አለ፣ ድምፁን አቅልሎ። "የነገ ከሰዓት ልምምድ አለባችሁ፣ ደክማችሁ እንዳትገቡ። ዶኒዮር፣ ያንን የሸማኔዎቹን ነገር እንዳትነካካው። እንዳለ ተወው። ልክ ነው።"

ማንም ከሰዓት ልምምድ እንዳለ ነግሮት አያውቅም። የዶኒዮር ፊት ተለዋወጠ። ኩድራት ሳል ያዘው። አንድ በአንድ እየተነሱ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እያደረጉ፣ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ኋሊት እየሄዱ ወጡ። ሚርሶዲቅ የግቢው በር ድረስ ሸኛቸው። ዶኒዮር የኡስቶዙን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። አሁን ይለዋል ብሎ ሚርሶዲቅ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

"ራስዎን ይጠብቁ፣ ኡስቶዝ" አለ ዶኒዮር።

በሩን ዘግቶ ሲመለስ ሙነቫር ስኒዎቹን እየሰበሰበች ነበር።

"ምን አሉ?" አለችው።

"ና፣ ምራልን፣ አሉኝ።"

"ስንት ጊዜ?"

ሚርሶዲቅ ትከሻው ላይ ያለውን ጨርቅ ፈትቶ ምንጣፉ ላይ ጣለው።

"ሁለት" አለ።

ሙነቫር ስኒዎቹን መልሳ አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች።